መጽሐፉን ለልጆቹ አውርሱልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ ትምህርት ውስጥ ለውርስ ሥራ (የተጻፈን ሥራ ወደ ድራማ፣ ሥዕል ወይም ሌላ ቅርጽ ለመቀየር) ጊዜና ማርክ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ፊርማዋ አውራ ጣቷ ነው። ግን ጉዱ ካሳን ታውቀዋለች። ፊታውራሪ መሸሻን እስከ ዛሬ ትረግማለች። ሰብለ ወንጌል ስትነሳ ደግሞ «ያቺ ምስኪን» ትልና ዝም ትላለች፤ የጎረቤት ልጅ የሞተችባት ያህል። ፍቅር እስከ መቃብርን አላነበበችም። የሰማችው በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው።

ይህን የምነግራችሁ የልጅነት ትዝታዬን ላወራ ፈልጌ አይደለም። የአማርኛ መምህር ነኝ። 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል። ማንበብ የማትችለው እናቴ ልቧ ውስጥ የገባው መጽሐፍ፣ ማንበብ የሚችሉት ተማሪዎቼ ልብ ውስጥ ለምን አይገባም?

መልሱን ያገኘሁት ባለፉት ሁለት ዓመታት ነው። ያገኘሁት ደግሞ ከተማሪዎቼ ነው። ለእናንተ መጻፍ አለብኝ ያልኩትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወጋየሁ ትንሽ ልበል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። ወጋየሁ ያንን ሁሉ ይዞ ማይክ ፊት ተቀመጠ። አንድ ሰው ነው። ግን ፊታውራሪው ሲናገሩ ሌላ ሰው፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሌላ ሰው፣ ሰብለ ስትናገር ሌላ ሰው ነው የምትሰሙት። የት ላይ ቸኩሎ፣ የት ላይ ቀስ እንደሚል ያውቃል። ይህ ንባብ ብቻ አይደለም። የተጻፈን ነገር ወስዶ ለጆሮ እንደ አዲስ መሥራት ነው። እናቴ የወረሰችው ያንን ነው።

እኛ አማርኛ መምህራን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የቆየ ስም አለን። ከባሕር ማዶ የመጣ ተውኔት ወይም ታሪክ በራሳችን አፍና ለዛ ሲሠራ «ውርስ ትርጉም» እንለዋለን። ቃሉን ሁልጊዜ እወደዋለሁ። ውርስ ነው። ልጅ የአባቱን መሬት ሲወርስ እንደነበረ አያስቀምጠውም። ያርሰዋል፣ ዘር ይቀይራል፣ ድንበሩን ያጥራል። መሬቱ ግን ያው የአባቱ ነው። እኔም በዚህ ደብዳቤ ቃሉን ትንሽ ሰፋ አድርጌ እጠቀምበታለሁ። ልብ ወለድ ወደ ተውኔት፣ ተረት ወደ ሥዕል፣ ግጥም ወደ ፊልም ሲሄድ ሁሉንም ውርስ ሥራ እለዋለሁ።

ይህ ነገር ለኛ አገር አዲስ አይደለም። የአማርኛ ቴአትር የተወለደው በውርስ ሥራ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው፣ ቴአትር አይተው መጡ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ይዘው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። በተረት ውስጥ የነበሩት አውሬዎች መድረክ ላይ ቆመው ሲናገሩ፣ መኳንንቱ የሚነካቸው ነገር ሰሙ። ቴአትሩ ታገደ። እስቲ አስቡት። ተረቱ በመጽሐፍ እያለ ማንንም አላስቆጣም። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን አስቆጣ። ቅርጹ ሲቀየር ትርጉሙም ጉልበት አገኘ።

ከዚያ ፀጋዬ ገብረ መድኅን አለ። ሐምሌትን፣ ኦቴሎን፣ ማክቤዝን አማርኛ አናገራቸው። የሸራ ላይ ሥዕሎቻችንም አሉ። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትንንሽ ሳጥኖች ተከፋፍሎ የተሣለበትን ሸራ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ነው። በክብረ ነገሥት የተጻፈው፣ በአፍም ሲነገር የኖረው ታሪክ በዓይን እንዲነበብ ሆኖ ነው የተሠራው። በቅርብ ደግሞ ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. አልበሙ ላይ «ማር እስከ ጧፍ»ን ዘፈነ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ በዛብህንና ሰብለን መጀመሪያ ያወቁት በዚያ ዘፈን ነው። መጽሐፉን ሳስተዋውቃቸው «ቲቸር፣ ይሄ የቴዲ ዘፈን አይደል?» ይሉኛል። በፊት ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን አያናድደኝም። በር ነው። በየትኛውም በር ይግቡ።

አሁን ወደ ክፍሌ ልውሰዳችሁ።

ለብዙ ዓመት ያስተማርኩት ሁላችንም እንደምናስተምረው ነበር። «የሚከተለውን ምንባብ አንብባችሁ ጥያቄዎቹን መልሱ።» ጭብጡ ምንድን ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? መቼቱ የት ነው? ልጆቹ መልሱን ከቴሌግራም ያወጡታል። 60 ልጅ አንድ ዓይነት ጭብጥ ይጽፍልኛል። የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ነው። መጽሐፉን የከፈተ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ባለፈው ዓመት ለ11ኛ ክፍል ልጆቼ ሌላ ሥራ ሰጠሁ። ከፍቅር እስከ መቃብር አንድ ቦታ ምረጡ፤ ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የሚሆን የአምስት ደቂቃ የሬዲዮ ድራማ አድርጉት አልኩ። ከድራማው ጋር አንድ ገጽ ማስታወሻ አያይዙ፤ ምን አስቀራችሁ፣ ምን ጨመራችሁ፣ ለምን?

ሰባት ልጆች ያሉበት አንድ ቡድን በዛብህ ሰብለን ሲያስተምር ያለውን ክፍል መረጠ። ፍቅሩ ቀስ እያለ የሚገባበትን። በሁለተኛው ቀን አንዷ መጣችና «ቲቸር፣ እዚህ ጋ የሚያወሩት ነገር የለም እኮ። ሬዲዮ ላይ ዝም ካሉ ደግሞ ሰው ተበላሸ ይላል» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ሬዲዮ ላይ ዝምታ አስቸጋሪ ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። አንዱ ተራኪ እናስገባ፣ «በዛብህ ፍቅር ያዘው» ብሎ ይናገር አለ። ሌላዋ «እሱማ ማንበብ ነው፣ ድራማ አይደለም» አለች። ሙዚቃ ይግባ ያለም ነበር። በመጨረሻ ያመጡት ነገር ይኸው። ሰብለ ዳዊት እያነበበች ነው። አንድ ቃል ትስታለች፤ በዛብህ ያርማታል። ትቀጥላለች። እንደገና ትስታለች፤ እንደገና ያርማታል። ሦስተኛ ጊዜ ትስታለች። በዛብህ ዝም። ሰብለ ትቆማለች። «ልክ ነኝ?» ትላለች። «እ?» ይላል በዛብህ። አለቀ።

ይህን በስልክ ቀድተው ክፍል ውስጥ ሲያሰሙን ክፍሉ ተናጋ። «እወድሻለሁ» የሚል ቃል የለም። ግን ሁሉም ገባው። ያ ልጅ መስማት አቁሟል። ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር የመጣው ከጭብጨባው በኋላ ነው። አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ተቆጥቷል። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም! ከራሳቸው ነው የጨመሩት!» ቡድኑም ተነሳ። መጽሐፍ ተከፈተ። አንድ ክፍል ሙሉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ገጽ እያገላበጡ ደራሲው ያንን ፍቅር እንዴት እንደነገሩን መፈለግ ጀመሩ። ሐዲስ የገጸ ባሕርያቱን ልብ ከፍተው እንደሚያሳዩን አዩ። በዛብህ የሚያስበውንም፣ ሰብለ የምታስበውንም ተራኪው ያውቃል። በመጨረሻ ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ተነስታ እንዲህ አለች። «እሳቸው ልባቸው ውስጥ መግባት ይችላሉ። እኛ ያለን ማይክ ብቻ ነው።»

ሁሉን አወቅ ተራኪ ማለት ምን እንደሆነ ለ14 ዓመት በሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ትርጉሙን አስቀድቻለሁ። እንደዚያች ልጅ አድርጎ የነገረኝ ተማሪ ግን አልነበረም።

ሌላ ልጅ ልጨምር። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ነው። ድራማ ውስጥ አልገባም አለ። እንግዲያውስ ሣል አልኩት። በፍሊፕ ቻርት ላይ 12 ሳጥን ሠርቶ መጣ፤ እንደ ንግሥተ ሳባው ሸራ። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ የሣለው መቃብሩን ነው። «ታሪኩ በመቃብር ያልቃል እንጂ አይጀምርም፤ ለምን ከዚህ ጀመርክ?» አልኩት። «ርዕሱ ነግሮናል» አለ። «መቃብር እንዳለ ሁሉም ያውቃል። እኔ የሣልኩት እንዴት እንደደረሱ ነው።» ይህን ብሎ ተቀመጠ። አሳዛኝ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረን። ሥዕሉ ዛሬም ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ።

ሁሉም አልተሳካም። አንድ ቡድን የፀጋዬን ግጥም ወስዶ አጭር ቪዲዮ ሠራ። ግጥሙን ወደ ተራ ወሬ ቀየሩት፤ ከሥር የሚያስለቅስ ሙዚቃ አስገቡ። ሲታይ ክፍሉ ቀዘቀዘ። «ምን ጎደለው?» ብለን ተነጋገርን። ሐሳቡ አለ፤ ምቱ የለም። ከዚያ ስንኙን እየቆረጥን ቀለም ቆጠርን። «የፀጋዬ ቤት» የሚባለው ምጣኔ ለምን በሱ ስም እንደተጠራ ያን ቀን ገባቸው። የወደቀ ሥራም እንዲህ ያስተምራል። ማርክ ስሰጥ ለዚያ ቡድን ማስታወሻ ጥሩ ውጤት ሰጥቻለሁ። ቪዲዮው ለምን እንዳልሠራ በቅንነት ጽፈውታል።

«ልጆቹ ታላላቅ ሥራዎችን ያበላሿቸዋል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔም መጽሐፉን እወደዋለሁ። ግን የ11ኛ ክፍል ልጅ በስልክ የቀዳው ድራማ ፍቅር እስከ መቃብርን አያጠፋውም። መጽሐፉ እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። የሚያጠፋው ሳይከፈት መቅረቱ ነው።

ጊዜ የለም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጁ ብዙ ነው፣ ምዕራፉ አያልቅም። እኔ የማስተምርበት ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ አለው። ግን ስድስት ወይም ሰባት ሆነው ሲሠሩ ዘጠኝ፣ አሥር ቡድን ነው። አንድ ቡድን አምስት ደቂቃ ቢያቀርብ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ዕቃው ደግሞ እጃቸው ላይ ነው። ከየቡድኑ አንድ ልጅ ስልክ አያጣም። ስልክ ከሌለም ጭውውት አለ፣ መነባንብ አለ፣ ወረቀትና እርሳስ አለ።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልምጣ። ይህን ሥራ በጀመርኩበት ትምህርት ቤት ለሚመለከተው ኃላፊ ሳሳየው «ፈተና ላይ አይመጣም» ተባልኩ። ልጆቹን ጨዋታ እያስለመድካቸው ነው ተባልኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር እንዳቆም ተነገረኝ። አቆምኩ። ልጆቹ ለሳምንታት «ቲቸር፣ ቀጣዩ መቼ ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን የማስተምረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ፈቅደውልኛል። ግን በኃላፊው በጎ ፈቃድ ነው የምሠራው። ነገ ኃላፊው ቢቀየር ያበቃል። የመጣሁባችሁ ለዚህ ነው።

ስለ ፈተናው አንድ ነገር ልበል። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ላይ አማርኛ የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ምክንያት አማርኛ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ጥያቄ መሥሪያ ሆኗል። ልጆቹ ደብተራቸውን ከጠረጴዛ በታች ይዘው ፊዚክስ ሲሠሩ አያለሁ። አልቆጣቸውም፤ ፈተናው የሚያስጨንቅ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናንተው ነግራችሁናል። ግን ተመልከቱት። አማርኛ አገር አቀፍ ፈተና የለውም ማለት፣ እኛ መምህራን በምርጫ ጥያቄ አልታሰርንም ማለት ነው። ሌሎቹ ትምህርቶች የሌላቸው ነፃነት አለን። ልጅ አንብቦ የሚሠራበት፣ የሚከራከርበት፣ ለምን እንዲህ አደረግሁ ብሎ የሚያስረዳበት ቦታ ይኖራል ከተባለ፣ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ በየዓመቱ አንድ የውርስ ሥራ በመርሐ ትምህርቱ ውስጥ ይግባልን። ከተከታታይ ምዘናው 20 ማርክ ይሰጠው። ማርኩ ደግሞ ለመመሳሰል አይሁን። ግማሹ ለማስታወሻው ይሁን፤ ልጁ ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ ለጻፈበት። ልጆች ምርጫቸውን ማስረዳት ሲገደዱ መጽሐፉን መክፈት ግድ ይሆንባቸዋል። ያንን ማስታወሻ ከቴሌግራም የሚያወርድ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የራሱን ቡድን ጭቅጭቅ የሚያውቀው ራሱ ነው።

በመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ይሰጥ። አብዛኞቻችን ሥነ ጽሑፍ ስንማር ቃለ ተውኔት ጽፈን አናውቅም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ማስተማር ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚያ መምህራንና ምሩቃን በክረምት ሥልጠና ለኛ ለአማርኛ መምህራን አንድ ሳምንት ቢሰጡን ብዙ ነገር ይቀየራል። ትረካ እንዴት ወደ ንግግር እንደሚመጣ፣ ዐሥር ገጽ እንዴት አንድ ትዕይንት እንደሚሆን ያሳዩን።

የሬዲዮ ትረካዎቹም ለትምህርት ቤቶች ይድረሱ። ወጋየሁና ሌሎች ተራኪዎች ያስቀሩልን ድምፅ ትልቅ ሀብት ነው። እኔ ዛሬ ለልጆቼ የማሰማቸው ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀውን፣ ጥራቱ የወረደውን ነው፤ እሱም ኔትወርክ ካለ። ከብሮድካስት ተቋሙ ጋር ተነጋግራችሁ ንጹሑን ቅጂ በፍላሽ ብትልኩልን፣ ፍላሽ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ለማዞር እኛ አንቸገርም።

የመጨረሻው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ይህ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። ሐዲስ ዓለማየሁም ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። በሕጉ መሠረት ሥራን መተርጎምም ሆነ ወደ ሌላ ቅርጽ መቀየር የደራሲው መብት ነው። መብቱ ደራሲው ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ስለዚህ ፍቅር እስከ መቃብር እስከ 2040ዎቹ ድረስ ባለቤት አለው። ይህ መሆኑ ደስ ይለኛል። ለልጆቼም አስተምረዋለሁ። ውርስ የሚለው ቃል ሌላው ፊት ይኸው ነው፤ የሰው ሀብት ሳይጠይቁ አይወሰድም።

ግን መጠየቂያ መንገዱ ይታየን። ልጆቹ ድራማቸውን በትምህርት ቤታችን የዩቲዩብ ቻናል ላይ መጫን ፈልገው ነበር። ፈቃድ እንጠይቅ ብለን ተነሳን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን። ሌላው ደብዳቤ አምጡ አለ። ደብዳቤ ስናመጣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ። ድራማው ዛሬም ስልካቸው ላይ ነው ያለው። እናንተ ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ ከደራስያን ማኅበርና ከወራሾች ጋር ተቀምጣችሁ፣ ለተማሪ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ ለንግድ የማይውል፣ የአንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ ብታዘጋጁ ችግሩ ይፈታል። በሕይወት ያሉ ደራሲዎችን ጠይቄ አውቃለሁ። ተማሪዎች ሥራቸውን ሊሠሩበት እንደሚፈልጉ ሲሰሙ ደስ የማይለው አላየሁም። አንዱማ ክፍል ድረስ መጥቶ አይቶልናል።

እስከዚያው ድረስ የባለቤትነት ጥያቄ የማይነሳባቸውን እንሠራለን። ተረት አለን። በየአያቱ አፍ ያለ ተረት። ዘንድሮ ሁሉም ልጅ ከቤቱ አንድ ተረት ይዞ እንዲመጣ ነግሬያቸዋለሁ። ከማን እንደሰማው፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሰማው ጭምር ይጽፋል። በኦሮምኛ የሰሙ አሉ፣ በጉራጊኛ የሰሙ አሉ፣ በትግርኛም። ወደ አማርኛ ሲያመጡት የመጀመሪያው ውርስ እዚያው ላይ ይጀመራል።

አንዷ ልጅ ሰኞ ዕለት «ቲቸር፣ አያቴ ተረቱን ስትጨርስ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ትላለች። ይሄን ድራማው ውስጥ ማን ይበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተራኪ የለንም ብለን ወስነናል። እስካሁን አልፈታነውም።

የምንሠራው ዓርብ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከእናንተ አንድ ሰው ቢመጣልን ከኋላ ወንበር እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር